አጎበር ያልተሸጠበት ዓመት

የሙቀቱ ወራት እኩሌታ አልፎ እንኳ ኦሪኩ ጥጥ የታጨቀበትን የብርድ ልብሷን ከላይዋ አላወለቀችም። ዝናቡ አያባራም። ያውም የሚያጓራ፣ ጎርፍ የሚያወርድ ዝናብ አይደለም፤ ከሐይቁ በኩል እንደ ጭስ እየተንሳፈፈ መጥቶ ግድግዳውንም ምንጣፉንም የሰውንም አጥንት የሚያረጥብ ካፊያ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከደመናው ጀርባ እንደ በሽተኛ ፊት ገርጥታ ብቅ ትልና መልሳ ትጠፋለች።

የማስያ ቤት ሦስት ትውልድ ሙሉ አጎበር ሲነግድ የኖረ ቤት ነው። በኦሚ አገር፣ በሐይቁና በተራራው መካከል ባለችው መንደር፣ ሴቶቹ በብርዱ ወራት ቃጫ ፈትለው ይሸምናሉ፤ ቤቱ አረንጓዴ አስነክሮ ጠርዙን በቀይ ጨርቅ ያስከፍፋል፤ ከዚያ ሻጮቹ ተሸክመው እስከ ሰሜን ጫፍ ይዞራሉ። በመንደሩ ውስጥ ከማስያ ሥራ የማይቀበል ጎጆ የለም ማለት ይቻላል። ኦሪኩ ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን አማቷ መጀመሪያ ያስተማሯት ሒሳብ አልነበረም። በየሸማኔዋ ቤት አዙረው፣ የማን እናት እንደታመመች፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ነበር ያሳዩአት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ቤቱን የምትመራው እሷው ናት።

ካኪቺ የሚባለው ሻጭ ከሰሜን የተመለሰው ማንም ባልጠበቀው ጊዜ ነው። በጓሮ በር ገብቶ ሸክሙን አወረደና የገለባ ጫማውን ለመፍታት ቁጭ አለ።

«ምነው ካኪቺ፣ ወንበዴ አገኘህ እንዴ?» አለችው ኦሪኩ።

«ወንበዴ ቢያገኘኝማ ሸክሙ ይቀልልኝ ነበር፣ እሜቴ» አለና ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «የሚገዛ የለም። በነፃ ልስጣችሁ ብል እንኳ የሚወስድልኝ አላገኘሁም።»

«ዋጋው ከብዷቸው ነው?»

«ኧረ አይደለም። ትንኝ የለም።»

የቤቱ ዋና ጸሐፊ ጂንቤ ከውስጠኛው ክፍል ሆኖ ሳቀ። አማቷን ያገለገለ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። «ሰማሽልኝ? ትንኝ የለም ይላል! ሲጠጣ ከርሞ ደግሞ ትንኝ አጣሁ ብሎ ይመጣል!»

«ይስደቡኝ ጋሼ ጂንቤ። ግን እስኪ ሰደቡኝም አልሰደቡኝም፣ አሁን ጆሮዎን ይስጡ።»

ሦስቱም ዝም አሉ። ከጓሮው ማዶ የሩዙ ማሳ ውሃ ተኝቶበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ሰዓት የእንቁራሪቱ ጩኸት ሰው አያነጋግርም፤ ትንኙም ገና ሳይመሽ ጆሮ ግንድ ላይ ይዘፍናል። አሁን ግን ከጣሪያው ክዳን ጠብ ጠብ ከሚለው ውሃ በቀር ድምፅ አልነበረም። ኦሪኩ ስንት ቀን በዚህ ጸጥታ ውስጥ እንደተቀመጠች መቁጠር ጀመረች። አጎበር ሻጭ ሆና የትንኝ መጥፋት ሳይታወቃት!

«የሰሜኑ ሩዝስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ዛላው ቀጥ ብሎ ቆሟል» አለ ካኪቺ። «ፍሬ የያዘ ዛላ አንገቱን ይደፋል አይደል? የዚያ አገሩ እንደ ጦር ነው የቆመው። ገበሬዎቹ ማሳውን ማየት ትተዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቀመጣሉ።»

ካኪቺ ሊበላ ሲሄድ ጂንቤ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን ነገር እዚህ አገር ገና ማንም አላወቀም። ዛሬ ሩዝ የገዛ ሰው ከወራት በኋላ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። ያለንን ሁሉ እናውጣ።»

«ይገዛ» አለች ኦሪኩ። ለማን ብላ እንደምትገዛ ግን ለራሷም አልመለሰችም።

ጎተራዎቹ ሞሉ። መከር ሲደርስ የመንደሩም ሩዝ ዛላው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያጨዱት ሲወቃ ገለባ ብቻ ሆነ። የሩዝ ነጋዴው ቶሜጎሮ፣ ሁልጊዜ ሽቶ ሽቶ የሚል ወፍራም ሰው፣ በዚያው ሰሞን ኦሪኩን ሊጠይቅ መጣ።

«በመላው ወረዳ ሩዝ ያለን አንቺና እኔ ብቻ ነን» አላት ሻዩን ፉት እያለ። «ሁለታችን ሳንቸኩል ከጠበቅን፣ ሰዉ መሬቱን ይዞ ደጃችን ይመጣል። ሩዝ አትሽጪ ነው የምልሽ፤ ሌላ ምንም አልልም።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያለቅሱ።» ፈገግ አለ። «ፊትሽን አታጨማድጂብኝ እንግዲህ። ንግድ ነው። ጽድቅ ለመነኩሴ ነው።»

እሱን ሸኝታ ስትመለስ ኦኪሳ ጓሮ ቆማ አገኘቻት። ኦኪሳ በመንደሩ ፈጣኗ ሸማኔ ናት፤ ምላሷም እንደ እጇ ነው። የዚያን ቀን ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

«እሜቴ፣ ቃጫው መቼ ይታደላል? ሌላ ዓመት ይሄኔ ተቀብለን ነበር።»

«የዘንድሮው አጎበር እንዳለ ተመልሷል፣ ኦኪሳ።»

«እሱንማ ሰምተናል። ሥራ የለም ማለት ነው እንግዲህ። ልመና ከመጣሁ ደግሞ በሩን እንዲዘጉብኝ ይንገሩልኝ። እህል ለምኜ አላውቅም፣ መጀመር አልፈልግም።»

ኦሪኩ ያን ምሽት ያልተሸጠው አጎበር ወደተቆለለበት ክፍል ገብታ ተቀመጠች። ጨርቁን ዳሰሰች። ስስ ነው፤ ነፋስ እንዲያሳልፍ ተብሎ የተሠራ ነው። አንዱን አጠፈች። ደግማ አጠፈችው። አራት እጥፍ፣ ስድስት እጥፍ እያደረገች ከጉንጯ ጋር አስጠጋችው። ከዚያ የቃጫ ውዳቂ ከሚጣልበት ጥግ አንድ ጭብጥ አመጣችና በእጥፋቱ መሃል ከተተችው፤ መርፌም ፈለገች።

ጠዋት ጂንቤ ሲመጣ ያን የመሰለ ነገር ለብሳ አገኛት።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?»

«የጀልባ ቀዛፊ ልብስ። የኦሳካ ቀዛፊዎችና ወደብ ላይ ሸክም የሚሸከሙት ዘንድሮ በብርድ ያልቃሉ፤ ጥጥ ደግሞ ለነሱ የማይቀመስ ሆኗል። ይሄ በጥቁር ሰማያዊ ተነክሮ ጥቅጥቅ ተደርጎ ቢሰፋ ነፋስ አያልፈውም። አጎበራችን እኮ አልቀረም፣ ጋሼ ጂንቤ። ስሙ ነው የሚለወጠው።»

ጂንቤ ልብሱን ገለባበጠው፤ ሳበው። ሳይወድ ራሱን ነቀነቀ። «ይሸጥ ይሆናል። ለሰፊዎቹስ ምን ልትከፍዪ ነው?»

«ሩዝ። ከመወደዱ በፊት በገዛንበት ዋጋ አስበን።»

«አንቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸ፤ እንደ ሙሽርነቷ ጊዜ ነበር የጠራት። «ወርቅ እኮ ነው የምትበትኚው!»

«ብቆልፍበት ስንት ቀን ይቆለፋል? ብመጸውተው ደግሞ ጎተራው ባዶ ሲሆን ነገሩ ያበቃል። ልብሱ ከተሸጠ በዚያው ገንዘብ ከምዕራብ ወደቦች ሩዝ ይመጣል፤ ሩዝ ካለ ይሰፋል። ቤቱም ያተርፋል። ብዙ አይሁን እንጂ ያተርፋል። ሸማኔዎቼ ከሞቱ በሚመጣው ዓመት ማንን ይዤ ልነግድ ነው?»

ሆነም። ካኪቺ የመጀመሪያውን ጭነት በሐይቁ አሻግሮ ኦሳካ አደረሰና ሁሉንም ሸጦ ተመለሰ፤ ገዢዎቹ መንገድ ላይ ሊቀሙት ምንም አልቀራቸውም ነበር። በመንደሩ የመርፌ ሥራ ሆነ። በረዶው ሲወርድ በየጎጆው ሴቶቹ ምድጃ ከበው ይሰፋሉ፤ ወንዶቹ ውዳቂውን ይፈለቅቃሉ። የሚበሉት ከገብስና ራዲሽ ከሚሉት ሥራሥር ቅጠል ጋር የተቀላቀለ የሩዝ አጥሚት ነው፤ ቢሆንም በልተው ያድራሉ። ኦኪሳ ምላሷ ተመለሰላት። «ለኦሳካ ቀዛፊ ስሰፋ ኖሬ አንድ ቀን መልኩን ሳላየው ልሞት ነው» እያለች ታስቃቸዋለች።

ከመንደሩ ወጣ ሲባል ግን ሌላ አገር ነበር። በዋናው መንገድ ዳር የጥድ ዛፎቹ ሰው እጁ እስከሚደርስበት ድረስ ልጣቸው ለምግብ ተገፎ፣ ነጭ እግር ብቻ ሆነው ቆመዋል። ውሾች ጠፉ። መጀመሪያ መንገደኞች ያልፉ ነበር፤ ኋላ የሚያልፉት እየቀነሱ፣ መንገዱ ላይ የሚቀመጡት እየበዙ ሄዱ። ካኪቺ ከጉዞ ሲመለስ ያየውን መናገር ተወ። ስትጠይቀው «ደህና ነው መንገዱ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ግድግዳ ላይ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ጭስ ተነሣ። የቶሜጎሮ ጎተራ ነበር። ሰዎች ጎተራውን ለኩሰው፣ በመዶሻና በመጋዝ ምሰሶውን ቆርጠው ቤቱን ጣሉት ተባለ። ሩዙን አስቀድመው አውጥተው ጭቃ ላይ ደፍተው ረገጡት አሉ፤ የተራቡ ሰዎች ሩዝ ሲረግጡ ያየ ሁሉ ወደየቤቱ ገባ። ቶሜጎሮ በሸሚዙ ብቻ ሮጦ አመለጠ።

«እኛ ጋ አይመጡም» አለ ጂንቤ። «እኛ አልቆለፍንም።»

በሦስተኛው ቀን መጡ። ከመንደሩ በላይ ካለው ከላይኛው ሸለቆ፣ የገለባ ካባ የደረቡ፣ ፊታቸው በረሃብ ያበጠ ሰዎች። አብዛኞቹ መሣሪያ እንኳ የላቸውም፤ ባዶ ቅርጫት ነው የያዙት። ከፊት መዶሻ የያዘ ረጅም ሰው አለ፤ ዮሳኩ ይባላል፤ የኦኪሳ ታናሽ እህት የኦናሚ ባል ነው። ግን የማስያን ደጅ ከነሱ በፊት የመንደሩ ሰዎች ሞልተውት ነበር። ማንም ሳይጠራቸው የቀርከሃ ዱላቸውን ይዘው ነው የወጡት። ኦሪኩ ከውስጥ፣ በሩ በመወርወሪያ ተዘግቶ፣ በሳንቃው ስንጥቅ ታያለች።

ኦናሚ ከባሏ ጎን ወጣች። «ኦኪሳ፣ እህቴ፣ አሳልፊን።»

«ተመለሺ ኦናሚ።»

«ተመልሼ ምን ልብላ?»

«እኔ እንጃ! ይሄ ሩዝ ሜዳ ላይ የተገኘ አይደለም። ጣቴ እስኪደማ ሰፍቼ የማገኘው ነው። የልጆቼ ነው።»

«እኛስ መስፋት አናውቅም?» አለች ኦናሚ። ጮክ አላለችም፤ ኦሪኩ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰማች። «አብረን አይደል የተማርነው፣ ከእናታችን ጉልበት ሥር? ማን ጠየቀን? ማን መጥቶ ኑ ስፉ አለን?»

የኦሪኩ እጅ የበሩ መወርወሪያ ላይ ነበር። ብከፍተው ይረጋገጣሉ፣ ጎተራው ሳይመሽ ያልቃል፣ ብላ አሰበች። ባልከፍተውስ? መወርወሪያውን ግማሽ ድረስ ሳበችው። ቆመች። በዚህ መካከል ዮሳኩ ወደፊት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ መዶሻውን ያንሣው አያንሣው ኋላ ማንም በትክክል ሊናገር አልቻለም። ሮኩዛ የሚባል የመንደሩ ጎረምሳ በዱላ ጭንቅላቱን መታው። ሌሎቹም ተከተሉ። ያላባራ፣ የደረቀ የቀርከሃ ድምፅ ነበር።

ኦሪኩ በሩን ስትከፍት ከላይኛው ሸለቆ የመጡት እየሸሹ ነበር። ዮሳኩን ተሸክመው ወሰዱት። ከቀናት በኋላ ሞተ።

ዱላው በተነሣበት ዕለት ምሽት መንደርተኛው ጓሮዋ ተሰብስቦ ቤቱን እንዴት እንዳዳነ ያወራ ነበር። «እሜቴን የነካ!» ይላል ሮኩዛ ደረቱን እየመታ። ኦሪኩ ማመስገን ነበረባት፤ እሷ ግን ግድግዳው ላይ የተደገፉትን ዱላዎች ታይ ነበር። ለዓመታት «መንደሬ» ስትል የኖረችው ቃል የት ጋ እንደሚያበቃ አሁን ነበር ያየችው፦ የዱላው ጫፍ እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ኦኪሳ ከሰዉ መሃል አልነበረችም። በማግሥቱም ሥራ አልመጣችም።

ኦሪኩ ጂንቤን ጠራች። «ለላይኛው ሸለቆ አጎበርና ክር ይጫን። ሩዝም። ሥራ የምትፈልግ ሁሉ ትቀበል።»

«ለሁለት መንደር አይበቃም። ገብሱ ሳይደርስ ያልቃል።»

«ካኪቺን እስከ ምዕራብ ወደቦች ድረስ እልከዋለሁ። የሚሰፋው ከበዛ የሚሸጠው ይበዛል።»

«ከተሸጠ ነው። ባይሸጥስ?»

«ባይሸጥ አብረን እንራባለን። እስከ ዛሬ የተራቡት እኮ እነሱ ብቻ ነበሩ።»

ወሬው እስከ ምሽት መንደሩን ዞረ። የሩዙ ድርሻ ሲቀንስ ደግሞ ሰላምታውም ቀነሰ። ሮኩዛ ደጇ ድረስ መጥቶ «የኛን ሩዝ ለነፍሰ ገዳይ ቀለብ አደረግሽው አሉ» አላት።

«ነፍስ የገደለው ማን ነው ሮኩዛ?» አለችው። ፊቱ አመድ መስሎ ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት የደጃፏ ምሰሶ በመጥረቢያ ተከትክቶ ተገኘ። ጂንቤ ተንበርክኮ ቁስሉን በእጁ እየዳበሰ «ይሄስ ከላይኛው ሸለቆ አልመጣም» አለ።

ጭነቱን ይዛ ራሷ ልትወጣ ስትዘጋጅ ኦኪሳ መጣች። ዓይኗ አብጧል። አንዱን ጥቅል ጀርባዋ ላይ አደረገች። በበረዶው መንገድ እየተንሸራተቱ ወጡ።

የኦናሚ ቤት በር የለውም ነበር፤ ባሏን ወደ መቃብር የተሸከሙበት ሳንቃ እሱ ነው። በቦታው ምንጣፍ ሰቅላለች። ኦኪሳ ደጅ ላይ ተንበርክካ ግንባሯን በረዶው ውስጥ ደፋች። ኦናሚ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አላነሣቻትም፣ አላባረረቻትም። ጥቅሉን ከጀርባዋ ፈትታ ወሰደችና ስፌቱን ለማየት ወደ ብርሃን ዘወር አለች።

«ጥቅጥቅ ይደረግ ነው የሚባለው?» አለች።

«አዎ» አለች ኦሪኩ። «ነፋስ እንዳያልፍ።»

ሥራው በሸለቆው ሁሉ ገባ። ካኪቺ ከምዕራብ ሲመለስ አንዳንዴ ሩዝ፣ አንዳንዴ ባቄላ ብቻ ይዞ ይመጣል። የማስያ ቤት ዕቃ እየተሸጠ፣ የኋለኛው ጎተራ ሳይቀር ፈርሶ እንጨቱ ተሸጠ፤ ይሁን እንጂ ልብሱ መሸጡን አላቆመም፤ በሁለቱም መንደር አጥሚት አልጠፋም። ጂንቤ ሲከሳ እንደ ሸምበቆ ሆነ። «ነግጄ ነግጄ እንዲህ ያለ ትርፍ አላየሁም፤ ሰው ብቻ ነው የተረፈው» ይል ነበር፤ ይቀልድ ይማረር እንደሆነ አይለይም። ሮኩዛ አንድ ቀን ተነሥቶ ወደ ከተማ ሄደ፤ ማንም አልፈለገውም።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ኦሪኩ ልብስ ልትሰበስብ ወደ ኦናሚ ዘንድ ወጣች፤ ኦኪሳም አብራት ነበረች። ኦናሚ የሰፋችውን አስረከበች፣ ሩዟን ተቀበለች። እስከዚያ ቀን ከሥራ በቀር ለሁለቱም ቃል ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን ደጅ ቆማ ወደ ተራራው ጫፍ ተመለከተች።

«ከኛ በላይ ሌላ መንደር አለ። ያውቃሉ?»

ኦሪኩ አታውቅም ነበር። አጎበር የማይገዛ፣ ቃጫ የማይሸምን፣ ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች መንደር ነው።

«በረዶው ከወረደ ወዲህ ወደ ታች የወረደ ሰው አላየንም» አለች ኦናሚ። «እኛም ሩዙን ከያዝን በኋላ እዚህ መንገድ ላይ አጥር ሠርተናል። ዱላም አዘጋጅተን ነበር። የመጣ ግን የለም።»

ሦስቱም ለሰፊዎቹ ከመጣው የቀረውን ሩዝ ተከፋፍለው ተሸከሙና፣ የኦናሚ ሰዎች የሠሩትን አጥር አልፈው ሽቅብ ወጡ። በረዶው ላይ የሰው ዱካ አልነበረም። መንደሯ ከጥዶቹ መሃል ብቅ ስትል ከአንድም ጣሪያ ጭስ አይወጣም። የመጀመሪያው ቤት በር በደንብ ተዘግቷል፤ ጫማዎቹ ደጃፉ ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። ኦኪሳ ከፍታ ወደ ውስጥ አየችና መልሳ ዘጋችው። በሁለተኛውም እንደዚያው። ኦሪኩ ጫማዎቹን ቆጠረች። ስንት ጊዜ ጎተራዋን ቆማ አይታ «ተረፍን» ብላ ነበር!

በመጨረሻው ቤት፣ ከገለባ ክምር ሥር፣ አንዲት አሮጊትና አንዲት ሕፃን ተቃቅፈው ተኝተው አገኙ። አሮጊቷ ዓይኗን ገለጠች። ብርሃኑ ላይ የቆሙትን ሦስት ሴቶች ስታይ ሕፃኗን ወደ ጀርባዋ ለመደበቅ ሞከረች፤ ጉልበት ግን አልነበራትም።

«ምንም የለንም» አለች። «የምትወስዱት ምንም የለንም።»

ኦኪሳ አፏን በእጇ ያዘች። ኦናሚ ግን ቀድማ ምድጃው ጋ ተንበርክካ አመዱን ታራግፍ ነበር።

«እንጨት አለ፤ እሳቱን እኔ አነድዳለሁ» አለች ሳትዞር። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ወደ ኦሪኩ ተመለከተች። «እርስዎ ምን ይቆማሉ? ውሃ ይቅዱ እንጂ።»

ኦሪኩ ባልዲውን አንሥታ ወጣች።